በሩን ከፍቶ የወጣው ሰው

ሐይቅ ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ነው። ስለዚህ ሰዉም ንግግሩም አዲስ አልሆነብኝም። የቤቱን ባለቤት መጀመሪያ ቀን «አንቱ» ብላት ተቆጣችኝ። «እዚህ ቤት እስካለሽ ድረስ እናትሽ እኔ ነኝ፤ እናት ደግሞ አንቱ አትባልም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማ» አልኳት። ባሏን ግን ሁላችንም «አብዬ» እያልን አንቱ እንላቸዋለን። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የልብስ ስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው የሚውሉ፣ ቃል ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሰው ናቸው። በዚያ ቤት ምራታቸውም ነበረች። ሐይቁ ዳር ለምግብ ቤቶች አሳ እያጸዳች የምትውል፣ ከእኔ ሁለት ዓመት የምታንስ ሴት። አራት ዓመት ያልሞላት ልጅም ነበረቻት።

ያልነበረው ልጃቸው ነው። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ሄዷል። ከዚያ ደውሎ «ነገ ጀልባ ያስገቡናል፤ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ነበር። ሌላ ድምፅ አልተሰማም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ ከመንደሩ ሰው አንዱን ብትጠይቅ «የእኔም እህት»፣ «የእኔም ልጅ» ይልሃል። ስለዚህ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ያዘንኩላቸው ሌላው ሰው በሚያዝንላቸው ልክ ነው፤ ከዚያ አላለፈም።

ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ለመመረቂያ የመረጥኩት ርእስ ተመልካቾች ከአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የሚያወጡት ልዩ ልዩ ትርጉም የሚል ነው። አማካሪዬ «ድራማውን ብቻ ይዘሽ አትቀመጪ፤ የሚያዩት ሰዎች ዘንድ ሂጂ፤ ደራሲው የጀመረውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው» ብሎኝ ነበር። እኔም ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እሑድ እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ እነ እማ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለን የድራማውን ድጋሚ አብረን እናይ ነበር። የሚናገሩትን ልጻፍ ብዬ ፈቃድ ስጠይቃቸው እማ ሳቀች።

«ድራማ አይቶ ዲግሪ ይሰጣል? ወላሂ፣ እኔ እስካሁን ፕሮፌሰር በሆንኩ!»

ድራማው የአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ታሪክ ነበር። የበኩር ልጁ በቤት ጉዳይ ከአባቱ ጋር ይጣላል። አንድ እሑድ ባየነው ክፍል ላይ ከምግቡ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ፤ በሩን ከፈተና ወጣ። ሚስቱ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማለች። ካሜራው እሱን አልተከተለም። ገርበብ ባለው በር ላይ ቆመ፤ ከውጭ ብርሃን ይገባል፤ ከኋላ ዋሽንት ይሰማል። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። በሚቀጥለው እሑድ ሰውዬው አልነበረም፤ በተከታዮቹም የለም። የት እንደሄደ የሚናገር ሰው ድራማው ውስጥ አልተገኘም።

ሰውዬው ሳይታይ የቀረበት የመጀመሪያው እሑድ «ምን የሆነ ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይመለሳላ!» አለች እማ። «በሩን መች ዘጋው? ቀርቶ ሊቀር የወጣ ሰው በር ዘግቶ ነው የሚወጣ። ያ በር ክፍት የተተወው ለእናቱ ነው።»

አብዬ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ «ሞቷል» አሉ። «ዋሽንቱን አልሰማችሁም? በአምባሰል ቅኝት ነው የነፋው። እንዲያ አድርጎ የሚነፋው ለሄደ ሰው ነው፤ ለሚመጣ አይደለም።»

ምራቷ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጸጉሯን ትሠራ ነበር። «እኔ የት እንደሄደ አላውቅም» አለች። «ሲወጣ ግን ሚስቱን ዞር ብሎ አላያትም። እዚያው ቆማለች እኮ! ባያያትም እሷ እየጠበቀች ነው። ስንት ጊዜ እንደምትጠብቅ የነገራት የለም።»

ሦስቱንም ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ይህንኑ ጥያቄ በየአጋጣሚው እያነሣሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚለያዩት በመልሱ ብቻ አልነበረም፤ ያዩትም ነገር አንድ አይደለም። አብዬን «በሩስ?» ስላቸው «ዘግቶት ነው የሄደ» ብለው ተከራከሩኝ። እማን ስለ ዋሽንቱ ስጠይቃት «ምን ዋሽንት? ዝም ያለ ነበር» አለች። ምራቷ በሩንም ዋሽንቱንም አታስታውስም፤ ሴትዮዋ የለበሰችውን ሽርጥ ግን ቀለሙን ሳይቀር ነገረችኝ። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ድራማ። ደራሲው ያልሞላውን ቦታ እያንዳንዱ በያዘው ነገር ሞላው ብዬ ጻፍኩ። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የተማርኩት ነገር በዓይኔ ፊት እውነት ሲሆን አየሁ፤ ለአማካሪዬም ደውዬ ነገርኩት። «ተመልካቹ ነጻ ነው ማለት ነው፤ ይህን አጉልተሽ አውጪው» አለኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «የተመልካች ነጻነት» ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ይዤ አብዬ ዘንድ ሄድኩ። ከሦስቱ አጭር መልስ የሰጡኝ እሳቸው ስለሆኑ ትንሽ ላስረዝማቸው ፈልጌ ነው። ሚኒባሶቹ ከፊታችን ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ያልፋሉ፤ እሳቸው የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። አጠገባቸው ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«አብዬ፣ ልጁ መሞቱን እንዲህ እርግጠኛ የሆኑት በዋሽንቱ ብቻ ነው?»

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናው ጸጥ አለ።

«የቱ ልጅ?» አሉኝ።

«ድራማው ላይ ያለው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን ሳየው ግን ተውኩት። እሳቸው ጨርቁን ከመርፌው ሥር አውጥተው አጣጠፉት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም አብዬ። እኔ ስለ ድራማው ነው የጠየቅሁ።»

«አይ… » አሉና አስፋልቱን አዩ። «እንግዲያ ከአፌ ወጣ። አላህ እንዲወጣ ፈልጎ ይሆናል።»

ነገሩኝ። ካለፈው ረመዳን በፊት አንድ የመርሳ ጎረምሳ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። ከሳዑዲ የተመለሰ ነው። ሱሪውን እየለኩት «አንቱ የእንትና አባት ነዎት?» አላቸው። ከልጃቸው ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበር። ባሕሩ ላይ ሳሉ ጎህ ሲቀድ ጀልባዋ ተገለበጠች። እጁን ይዤው ነበር፤ አንድ ጊዜ ማዕበል መጣ፤ ከዚያ እጄ ባዶ ሆነ አላቸው። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ካወጧቸው ሰዎች መካከል ፈልጎት እንዳጣው ነገራቸው።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ሱሪውን አሳጥሬ ሰጠሁት። ምን ላድርግ? ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ለእማስ አይነግሯትም?»

«እሷ የቆመች በተስፋ ነው። እሱን ከወሰድኩባት ምን እሰጣታለሁ?»

«ለልጁ ሚስትስ?»

መርፌውን በአውራ ጣታቸው እየነኩ «ለእሷ ከነገርኩ የኢዳዋን አራት ወር ከአሥር ቀን ቆጥራ ሌላ አግብታ ትሄዳለች» አሉ። «ገና ልጅ ናት፤ ማን ይፈርድባታል? ግን ልጅቱን ይዛት ነው የምትሄድ። ከሱ የቀረን ያቺ ብቻ ናት።» ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። «አማና ነው ልጄ። እኔ እስክናገር አትናገሪ።»

እሺ አልኳቸው። ሰው አማና ሲሰጥሽ እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ወደ ቤት ስሄድ የገባኝ ነገር ግን አብዬ ስለ ድራማው አንድም ቀን ተናግረው እንደማያውቁ ነው። እሑድ እሑድ ሚስታቸው ፊት ተቀምጠው «ሞቷል» የሚሉት፣ በሌላ ቦታ ሊሉት ያልቻሉትን ነው። እኔ ደግሞ እየተከታተልኩ «ተሳታፊ ሁለት» እያልኩ እጽፈዋለሁ።

በዚያው ሰሞን የድራማውን ደራሲ ስልክ አገኘሁ። በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ጀርባ ቆሜ ደወልኩለት። ደግ ሰው ነው፤ ጥናት መሆኑን ስነግረው ደስ አለው። «በሩ ክፍት የቀረው ምን ለማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቀ። «እውነቱን ልንገርሽ? ተዋናዩ ቪዛ መጣለት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሄድብን ሲሆን አንድ ትዕይንት ብቻ ቀረጽን። ልንገድለው አስበን ነበር፤ ግን ከተመለሰ ብለን ተውነው። በሩንም የተውነው ለዚያ ነው።»

«ዋሽንቱስ?»

«እሱን ድምፅ የሚሠራው ልጅ ነው ያስገባው። ምናልባት የእናንተ አገር ልጅ ይሆናል።»

«ሚስቱስ? ድራማው ላይ ያለችው ሚስቱ ምን ትሆናለች?»

«ለእሷ ገና ምንም አልጻፍንም። ለጊዜው ትጠብቅ።»

ይህ ለጥናቴ ወርቅ ነበር። ባዶ የሆነውን ነገር ሦስት ሰዎች በሕይወታቸው ሞልተውታል፤ ደራሲው እንኳ አላሰበውም። ያን ምሽት የጻፍኳቸው ገጾች በኋላ ፈታኞቹ ያመሰገኑልኝ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ምራቷ ከሥራዋ ላይ ሆና አስጠራችኝ። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጣ አሳ ታጸዳለች፤ ቢላዋዋን ሳታቆም ነው የምታወራኝ። አንድ የሱሉላ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት ባጃጅ ነጂ፣ ሽማግሌ ሊልክባት እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ጥሩ ሰው ነው። ልጅሽን እንደ ልጄ አሳድጋለሁ ብሏታል፤ ከአያቶቿም አልለያትም ብሏል።

«ሼሁን ጠየቅኳቸው» አለች። «ባልሽ መሞቱን ያየ ሰው ይምጣና ይመስክር፣ ከሌለም ጉዳይሽ በቃዲ ታይቶ ትጠብቂያለሽ አሉኝ። ያየ ሰው ከየት ላምጣ እቴ? እማ እንደሁ ይህን ከሰማች ገደልሽው ትለኛለች።» ቢላዋዋን አቆመች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰው ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ በሕይወት ይኖራል?»

መስካሪው ከሐይቅ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ መርሳ ተቀምጧል። የሰማው ሰው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ልብስ ይሰፋል። እኔ ይህን እያወቅሁ ከፊቷ ቆሜያለሁ። አማናውን መብላት ፈራሁ፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም። በመካከል ያለ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ።

«የድራማውን ደራሲ አናግሬው ነበር» አልኳት። «ሰውዬው አይመለስም። ተዋናዩ ውጭ አገር ሄዷል። እነሱ ናቸው እንጂ ሞተ ማለት ያልፈለጉ፣ ነገሩ አልቋል። ሚስቱ ዝም ብላ ነው የምትጠብቅ።»

ይገባታል ብዬ ነው። እስካሁን በድራማው ስንነጋገር አልነበረ? አብዬ በድራማው ይናገራሉ፤ እሷም በድራማው ትናገራለች፤ እኔም በዚያው ቋንቋ ልነግራት ሞከርኩ። እሷ ግን አየችኝና አሳዋን አነሣች። ስለ ባሏ ጠይቃኝ ስለ ተዋናይ የመለስኩላት ሴት መሆኔን ዓይኗ ነገረኝ።

በማግሥቱ እሑድ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። እማ ድራማው ሲጀምር «ዛሬ ይመጣል፤ ልቤ ነግሮኛል» አለች። ምራቷ ከዚያ በፊት እማን በክፉ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ከፍ አለ።

«አይመጣም እማ! ውጭ አገር ነው ያለው። መምህሯ ደራሲውን ጠይቃ አረጋግጣለች።»

እማ ወደ እኔ ዞረች። «ውጭ አገር? በሕይወት አለ?»

«አዎ፣ ግን እማ…»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ከተቀመጠችበት ወርዳ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፋች። ስትነሣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«እማ፣ እኔ የማወራው ስለ ተዋናዩ ነው» አልኳት። «ድራማ የሚሠራው ሰው።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ሞኝ አይደለሁም» አለች ረጋ ብላ። «ድራማና ልጄን መለየት የማልችል መሰለሽ? ግን እኔ አላህን ምልክት ስጠኝ እያልኩ ስለምነው ነው የከረምኩ። አሁን አንቺ ከአፍሽ 'ባሕር ማዶ ነው፣ በሕይወት አለ' አልሽ። አላህ መልእክቱን በማን እንደሚልክ ማን ያውቃል?»

አብዬን አየኋቸው። እሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። እንዲናገሩ ጠበቅሁ፤ እሳቸውም ምናልባት እኔን ይጠብቁ ይሆናል። ማስታወቂያ ገባ፤ እሱም አልቆ ድራማው ቀጠለ።

በሳምንቱ እማ በግ አሳርዳ ሰደቃ አወጣች። ሼሁም፣ የሰፈሩ ሽማግሎችም፣ የክርስቲያን ጎረቤቶችም መጡ። እማ የልጄ ደኅንነት ተሰምቶኛል ብላ ነው የጠራቻቸው፤ እንዴት ተሰማሽ ብሎ የመረመራት የለም፤ የእናት ነገር ነው። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «ባለበት አላህ ይጠብቀው፣ በሰላም ያገናኛችሁ» ሲሉ ቤቱ ሙሉ «አሚን» አለ። አብዬም አሚን አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጀልባው ላይ የነበረውን ልጅ ሱሪ ያሳጠሩበት እጃቸው ሌላው ሁሉ ካወረደ በኋላም ተዘርግቶ ቀረ፤ ሰው ሁሉ በደስታ ነው ብሎ አለፈው።

ከሽማግሎቹ አንዱ የዚያ የሱሉላ ሰው አጎት ነበሩ። ሲመለሱ ለወንድማቸው ልጅ «ባሏ በሕይወት አለ ተብሎ ዱዓ ተደርጓል፤ የሰው ሚስት አንጠይቅም» አሉት። ሰውዬው ቀረ። አልፈርድበትም።

ምራቷ ይህን የሰማች ቀን ክፍሌ መጣች። አላለቀሰችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው።

«በሕይወት ካለ ባሌ ይሁን፤ ከሞተም ልወቀው» አለችኝ። «በመካከል ሆኜ ማርጀት አልችልም። እዚህ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። «ትንሽ ታገሺ፣ እኔ አብዬን አናግራቸዋለሁ» አልኳት። አብዬ ምን እንደሚያውቁ አልጠየቀችኝም፤ ምናልባት ማጽናኛ መሰላት። እኔም ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ፈተና ሳርም ሰነበትኩ።

ሰኞ ጠዋት ለልጇ ልብስ ልግዛ ብላ ባቲ ገበያ ሄደች። ልጅቷን ለእማ ሰጥታ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ፣ በሚኒባስ ነው የሄደች። ማታ አልተመለሰችም። ስልኳ አይሠራም። ማክሰኞ አብዬ ተነሥተው ባቲ ሄዱ፤ ሐሙስ ሲመለሱ ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። እሷን የሚያውቁ ሰዎች ከአንድ ደላላ ጋር ወደ ምሥራቅ ስትሄድ አይተዋታል። ባሏ የሄደበትን መንገድ ነው የሄደች።

አብዬ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ እማ ፊት ተቀመጡ። እኔም በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልወጣ ስል በእጃቸው አስቀሩኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ የመርሳውን ጎረምሳ፣ ጀልባዋን፣ ማዕበሉን፣ የተለቀቀውን እጅ።

እማ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ «አንተ የድራማውን ነው የምታወራ» አለቻቸው።

«ወላሂ የልጃችንን ነው።»

«አንተ ከመጀመሪያውም ሞቷል ትል ነበር። ከመጀመሪያውም!» ትንሽ አሰበች። «ደግሞ ያ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ነው የመጣው። የሞት መርዶ የያዘ ሰው ሱሪውን ይዞ አይመጣም። ያየው ሌላ ሰው ነው።»

መርሳ ሄደው ጎረምሳውን ሊያመጡላት አብዬ ሞከሩ፤ እንደገና ወጥቷል አሏቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጁምዓ፣ አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደውን ሶላት አብዬ ከጥቂት ሰዎች ጋር ለልጃቸው ሰገዱ። እማ ያን ቀን የልጇን ልብሶች አጥባ ግቢው ውስጥ አሰጣች። ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች በተሰጣው ልብስ መካከል እየተሽሎከለኩ ገቡ፤ ምን እንደሚሏት ግራ ገብቷቸው ስለ ዝናቡ አውርተው ወጡ።

ምራቷ የደወለችው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ለእኔ። ባሕሩን ተሻግራ አንድ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ስለ መንገዱ ስጠይቃት «ተይው» አለች፤ እስካሁንም አልነገረችኝም። መጀመሪያ ስለ ልጇ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ባሏን ስንት ቦታ እንዳጠያየቀች ነገረችኝ። በዚህ ጊዜ ምንም አላስቀረሁም። የማውቀውን ሁሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቀውም ጭምር ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «አለሽ?» አልኳት።

«ሐይቁ ዳር የጠየቅሁሽ ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያኔ ብትነግሪኝ፣ እዚህ ምን አመጣኝ?»

አማና ነው ብላት፣ የአብዬን ቃል ጠብቄ የእሷን ሕይወት እንደጣልኩ ታውቃለች። ስለዚህ አላልኳትም፤ እሷም ዘጋችው።

ጥናቴን በሚቀጥለው ክረምት አቀረብኩ። ፈታኙ ስለ በሩና ስለ ዋሽንቱ የጻፍኩትን ምዕራፍ «ሕይወት ያለው» ብሎ አመሰገነው፤ ከፍተኛ ውጤት ተሰጠኝ። «የተመልካች ነጻነት» የሚለውን ግን ከማቅረቤ በፊት ሰርዤው ነበር። ለምን እንደሰረዝኩ አማካሪዬ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ያየኋቸው ሰዎች ነጻ አልነበሩም አልኩት። እማ ልጇ እንዲኖር ሌላ ትርጉም መያዝ አትችልም፤ አብዬ የተሸከሙት ሞት ሌላ መውጫ የለውም፤ ምራቷ ከመጠበቅ በቀር የተሰጣት ነገር አልነበረም። ድራማው በየችግራቸው ላይ መብራት አበራ እንጂ ምርጫ አልሰጣቸውም። ትርጉም የሰጡትም ለመደሰት አይደለም። በየትርጉማቸው በግ ታርዷል፤ ሽማግሌ ቀርቷል፤ ሴት ተሰዳለች። አማካሪዬ «ይህ ለሌላ ጥናት ይሁንሽ» አለኝ። ሌላ ጥናት አልሠራሁም።

ድራማው አልቋል፤ ሰውዬው የት እንደደረሰ ሳይነገር ነው ያለቀው። እነ እማ ቤት አሁን እሑድ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም። አብዬ በረንዳቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ በዚያ ሳልፍ መርፌው ላይ ክር አስገባላቸዋለሁ፤ ስለዚያ ነገር ግን ዳግመኛ አልተነጋገርንም። እማ ከእኔ ጋር አልተጣላችም፤ ዛሬም «ልጄ» ትለኛለች። ምራቷን ግን አትጠራትም፤ «ልጇን ጥላ የሄደች» ትላታለች፤ ልጅቷ እየሰማች።

ልጅቷ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ትምህርት ቤቷ በእኔ መንገድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ አደርሳታለሁ። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁለት ወር ያህል አልደወለችም፤ በኋላ ደወለች፤ አሁን ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። ከእኔ ጋር ከሰላምታ በላይ አታወራም፤ ልጄን ስጪኝ ብቻ ነው የምትለኝ። ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ ሳደርገው «ማን ናት?» ትለኛለች።

«እናትሽ ናት» እላታለሁ።

አንዳንድ ቀን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ ታዳምጣለች። አንዳንድ ቀን ስልኩን መልሳልኝ ወደ እማ ትሮጣለች፤ እኔም እናቷ መስመሩ ላይ እያለች ስልኩን ይዤ ከኋላዋ እሮጣለሁ።